ርካሿ ሰማያዊ ስካነር በጋራዥ ሥራ ላይ ስትመዘን

ከአያት ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳርና ዳር ባሉት ጋራዦች፣ በእጅ መዳፍ ውስጥ የምትደበቅ ሰማያዊ ስካነር የማይዝ መካኒክ እየጠፋ ነው። ኢኤልኤም 327 በሚል መጠሪያ የምትሸጠው ይህች ዕቃ፣ ከመሪው ሥር ባለው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ላይ ተሰክታ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ትገናኛለች፤ ቶርክን ወይም ካር ስካነርን የመሰለ መተግበሪያ በስልኩ ላይ የጫነ ሰው የሞተሩን መረጃ ያነባል። ኃይል የምታገኘው ከመኪናው ባትሪ በመሆኑ፣ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፕ የሚፈልጉት ትልልቅ መሣሪያዎች ሥራ በሚፈቱበት ሰዓት እርሷ አትቆምም፤ ይህ ደግሞ ለከተማው ዳርቻ ጋራዥ ትንሽ ነገር አይደለም።

ግዢው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቺፑን በመጀመሪያ የሠራው የካናዳ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራውን ያቆመ ሲሆን፣ በገበያችን ርካሽ ሆነው የሚሸጡት ቅጂዎች ናቸው። በብዙዎቹ ላይ የተጻፈው «ቨርዥን 1.5» ኩባንያው ጨርሶ ያላወጣው ቁጥር ነው፤ ያም ሆኖ 2.1 የሚል ከተለጠፈባቸው ብዙዎቹ የተሻለ ሲሠራ ይታያል። ችግሩ ጎልቶ የሚወጣው አሮጌ መኪና ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 ከተመረቱት የመጀመሪያ ትውልድ ቪትዞች መካከል፣ ሶኬቱ ልክ ሆኖ ሳለ ከስካነሯ ጋር በቀላሉ የማይግባቡ አሉ። እንዲህ ባሉት ቶዮታዎች ላይ የሶኬቱን 4 እና 13 ቁጥር ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝቶ የቼክ ኢንጅኑን፣ ማለትም የሞተር ብልሽት ማስጠንቀቂያ መብራቱን፣ ብልጭታ መቁጠር ዛሬም አስተማማኝ ዘዴ ነው። ስካነሯ ከሁሉም መኪና ጋር ስለማትግባባ፣ ዕቃዋን ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ የሚገዛ ሰው የራሱን መኪና ይዞ ሄዶ፣ ሰክቶ፣ ማንበቧን አይቶ ቢከፍል ይመረጣል።

አብዛኛው ሰው የሚገዛት ኮድ፣ ማለትም የመኪናው ኮምፒውተር የሚመዘግበውን የብልሽት ቁጥር፣ ለማንበብ ነው፤ በእኔ ግምት ግን ኮዱ ከምትሰጠው ጥቅም ሁሉ ትንሹ ነው። ፒ0171 የሚለው ኮድ ሲመጣ መልእክቱ «ለገባው አየር ቤንዚኑ አነሰ» የሚል ብቻ ነው። ምክንያቱ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር ወይም የደከመ የቤንዚን ፓምፕ ሊሆን ይችላል። በየመንደሩ የተለመደው አሠራር ግን ኮዱን ለባለመኪናው አሳይቶ ኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን) እንዲገዛ ማዘዝ ነው፤ በዚህ መንገድ ስንት ጤነኛ ሴንሰር ተነቅሎ እንደተጣለ ቤቱ ይቁጠረው።

የስካነሯ እውነተኛ ዋጋ ሞተሩ እየሠራ በሚታዩት ቁጥሮች ላይ ነው። በቅርቡ አንዲት እናት ቪትዛቸው ቤንዚን እንደሚበላ ነግረውን አስገቡ፤ ሌላ ጋራዥ ኦክስጅን ሴንሰሩን ቀይሮላቸው ምንም ለውጥ አላመጣም። ስካነሯን ሰክተን ለገጣፎ ደርሰን ስንመለስ፣ 80ን አልፎ መቆየት የነበረበት የውሃ ሙቀት ከ68 ዲግሪ ፈቅ አላለም። የቴርሞስታቱን፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋውን ቫልቭ፣ ቤት ስንፈታው ውስጡ ባዶ ነው። «ውሃ እያፈላ ሲያስቸግረኝ መካኒኩ አውጥቶ ጣለልኝ» አሉን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትርን በሚያልፍ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ይህንን ነጥብ ከፍ የሚያደርገው ግፊት የሚይዘው የራዲያተር ክዳን ሆኖ ሳለ፣ ጎማው ያለቀ ክዳን በሚያመጣው ጣጣ ቴርሞስታቱ ይወቀሳል። ቴርሞስታቱ ሲወጣ ሞተሩ በቂ ሙቀት ስለማያገኝ፣ ኮምፒውተሩ ገና ማለዳ የተነሳ መኪና መስሎት ቤንዚን መጨመሩን ይቀጥላል። ቴርሞስታትና ክዳን ገጠምን፤ ሙቀቱ 86 ላይ ረጋ። ይህን ሁሉ ያሳየችን የሙቀቱ ቁጥር ናት፤ በዚያ መኪና ላይ የተመዘገበ አንድም ኮድ አልነበረም።

ቁጥር ማንበብ የአካባቢን ዕውቀትም ይጠይቃል። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ብቻ ተከፍቶ የአየር ግፊት ሴንሰሩ ሲታይ፣ የውጭ አገር መመሪያዎች 100 ኪሎ ፓስካል አካባቢ እንዲነበብ ይጠብቃሉ፤ በእኛ ከፍታ ትክክለኛው ንባብ 76 ወይም 77 ነው። ይህን ያልተረዳ ጀማሪ ሴንሰሩ ተበላሽቷል ብሎ ደንበኛውን ወደ መለዋወጫ ሱቅ ይልካል።

ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰው ደግሞ ስካነሯ የደላላን አፍ ትዘጋለች። ሻጭ ቼክ ኢንጅኑን አጥፍቶ ሊያቀርብ ይችላል፤ ሆኖም ኮድ በቅርቡ ከተሰረዘ ወይም ባትሪ ከተነቀለ የኮምፒውተሩ የራስ ምርመራዎች «አልተጠናቀቀም» ብለው ይታያሉ፤ በብዙ መኪኖች ላይም ኮዱ ከጠፋ በኋላ የተነዳው ኪሎ ሜትር ተመዝግቦ ይገኛል። «እንደ አዲስ ነው» የተባለ መኪና ኮዱ ከተሰረዘ 12 ኪሎ ሜትር ብቻ መነዳቱን ማየት፣ በዋጋ ላይ ከመከራከር በፊት ሊታወቅ የሚገባው ነገር ነው።

ወሰኗም መታወቅ አለበት። የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) እና የኤርባግ ብልሽት በአብዛኛው አታነብም፤ ቁልፍ ኮድ ለማድረግ አታገለግልም፤ ቁጥሮችን የምታነብበት ፍጥነት ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ አልፎ አልፎ ብቻ የሚከሰት የሞተር መርገጥ ሊያመልጣት ይችላል። መንገዱን እያጥለቀለቁ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ የምትረዳው እጅግ ጥቂት ነው፤ ሥራው ወደዚያ ያዘነበለ ጋራዥ ለሌላ መሣሪያ ገንዘብ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል። ለቤንዚን መኪና ጥገና ግን፣ ቁጥሮቹን ለማንበብ ትዕግሥት ያለው መካኒክ እንዲገዛት ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ሥራ ሲያልቅ ከሶኬቱ ላይ መንቀል ያስፈልጋል፤ መኪናው ጠፍቶም ኃይል ስለምትወስድ፣ ደካማ ባትሪ ላይ ለቀናት ተሰክታ ከቆየች መኪናው በግፊያ ካልሆነ ላይነሳ ይችላል።