ማሲንቆ፣ ክራርና በገና በ500 ሲሪየስ ፕሪአምፕ፦ ከብዙ ወራት አጠቃቀም በኋላ

ደብረ ማርቆስ ባለችው የቤት ስቱዲዮዬ ባለ ስድስት ማስገቢያ የ500 ሲሪየስ ራክ (ትንንሽ የድምፅ ሞጁሎች የሚሰኩበት ሳጥን) ከገባ ዓመት ሊሞላው ነው። ውስጡ ሁለት ሞጁል አለ፤ አንደኛው ተሠርቶ የመጣ የመሣሪያ ፕሪአምፕ (ደካማውን ድምፅ ከመቀረጹ በፊት የሚያጎላ) ሲሆን ሁለተኛውን በኤፒአይ 312 ንድፍ ከተዘጋጀ ኪት ራሴ ገጣጥሜዋለሁ። ስለ ጊታርና ቤዝ የተጻፈ ግምገማ ሞልቷል። ማሲንቆና በገና ለሚቀርጽ ሰው ግን የሚረዳ ነገር ብዙ ስላላገኘሁ፣ በእኛ መሣሪያ ላይ ያየሁትን ልጻፍ።

አሠራሩን ለማያውቅ ባጭሩ፦ ኤፒአይ እ.ኤ.አ. በ1968 የተመሠረተ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። 500 ሲሪየስ የሚባለው የሞጁሎቹ መጠንና አሰካክ ዛሬ የብዙ አምራቾች የጋራ መለኪያ ሆኗል። ሞጁሉ ባለ 15 ፒን ማያያዣ ላይ ይሰካል፤ +16 እና −16 ቮልት፣ ለማይክም 48 ቮልት የሚሰጠው ራኩ ነው። ስለዚህ ዋናው ወጪ ራኩ ላይ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ደህና ከሆነ ሞጁሉን ቀስ በቀስ መጨመርም መለወጥም ይቻላል። እኔም ርካሽ ራክና ውድ ሞጁል ከሚገዛ ይልቅ ተቃራኒውን የሚያደርግ ሰው የተሻለ መረጠ እላለሁ።

አሁን ወደ ማሲንቆ። ቆዳው ላይ የምንለጥፈው ባለ 27 ሚሊሜትር ክብ ፒዬዞ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ፒክአፕ) ካፓሲታንሱ ብዙውን ጊዜ ወደ 20 ናኖፋራድ ነው። ይህን ኢምፒዳንሱ (ለገቢው ድምፅ የሚያሳየው መቋቋም) 10 ኪሎ ኦም የሆነ የላይን መግቢያ ላይ ብትሰኩት ከ800 ኸርዝ ገደማ በታች ያለው ድምፅ እየሳሳ ይሄዳል። 2 ኪሎ ኦም ገደማ በሆነ የማይክ መግቢያ ከሆነ ደግሞ መሳሳቱ ከ4000 ኸርዝ ይጀምራል። የማሲንቆው ሆድ ያለው ግን ከዚያ በታች ነው፤ የሚቀረው የደጋኑ ፍጭት ብቻ ይሆናል። 1 ሜጋ ኦም በሆነ የመሣሪያ መግቢያ ያ ወሰን ወደ 8 ኸርዝ ይወርዳል፣ ማለትም ምንም አይጎድልም። ብዙ ሰው «ፒዬዞ ድምፁ ቆርቆሮ ነው» የሚለው ፒዬዞውን ሳይሆን የተሰካበትን መግቢያ ነው።

አንድ ከሞጣ የመጡ ባለ ማሲንቆ አንዱን ዜማ በሳውንድ ካርዱ ላይን መግቢያም በሞጁሉም ቀርጬላቸው ነበር። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳልነግራቸው አዳመጡና፣ «ልጄ፣ ይኼኛው የኔ ማሲንቆ ነው፤ ያኛውን ተወው» አሉኝ። የመረጡት የሞጁሉን ነው።

ክራር ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከብርኩማው ሥር የሚገባው ቀጭን ፒዬዞ አንዳንዴ 1 ናኖፋራድ እንኳ አይሞላም። ለእሱ 1 ሜጋ ኦምም ያንሰዋል፤ ወሰኑ እንደገና ወደ 160 ኸርዝ ይወጣል። የእኔ ሞጁል 10 ሜጋ ኦም የሚያደርግ ማብሪያ ስላለው ወፍራሙ ክር ሙሉ ሆኖ ይገባል። የመሣሪያ ሞጁል ስትመርጡ ከሁሉ በፊት ይህን ቁጥር ጠይቁ፤ የትኛው ታዋቂ ስቱዲዮ ተጠቀመበት የሚለው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ራሴ የገጣጠምኩት 312 ጠባዩ ሌላ ነው። በመግቢያውም በመውጫውም ትራንስፎርመር ስላለው የክራርን ምት ወፈር አድርጎ ወደ ፊት ያመጣዋል፤ በዳይናሚክ ማይክ ሲቀረጽ ከሚክሱ ውስጥ ሳይገፋ ይሰማል። ለበገና ግን አልመርጠውም። ትራንስፎርመር መጀመሪያ የሚጨናነቀው በዝቅተኛው ድምፅ ነው፤ በገና ደግሞ ሀብቱ እዚያ ነው። ጌኑ (የማጉላቱ መጠን) ከፍ ሲል የእንዚራው (ከአውታሩ ሥር የሚገባው ቆዳ) ንዝረት ጠርዙ ይደፈናል፣ አሥሩም አውታር እርስ በርሱ ይቀላቀላል። በዐቢይ ጾም የቀረጽኩትን በገና ሁሉ በንጹሁ፣ ተሠርቶ በመጣው ሞጁል ነው ያሳለፍኩት።

ኪቱን ስለ መገጣጠም፦ ሳልዳቶሬ (መበየጃ) የለመደ እጅ ካላችሁ ያዋጣል፣ ደግሞም ደስ ይላል። ቀጭኑን ስታኞ (የመበየጃ ሽቦ) ከአዲስ አበባ አስመጡ፤ ሬዲዮ ጥገና ቤት የሚገኘው ለእነዚያ ጥቃቅን ነጥቦች ይወፍራል። ሬዚስተሩን በቀለሙ አትመኑ፣ እያንዳንዱን በቴስተር ለኩ። ሞጁሉን ከመሰካታችሁ በፊት ባዶው ራክ ላይ ከፒን 13 ወደ 12 +16፣ ከ13 ወደ 14 −16፣ ከ13 ወደ 15 48 ቮልት ማሳየቱን አረጋግጡ። አንድ ትራንዚስተር ቢቃጠል ምትኩ እዚህ አይገኝም፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ኪቱን ስታዙ መለዋወጫውንም አብራችሁ እዘዙ።

መብራቱ ከሞጁሉ በላይ ያስጨንቃል። በሚጠፋበት ጊዜ በርካሽ ኢንቨርተር የምትሠሩ ከሆነ ራኩ ይጮኻል፤ ንጹህ ሳይን ዌቭ የሚሰጠው ኢንቨርተር ግድ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ራክ ከሆነም ከመሰካቱ በፊት የቮልቴጅ መምረጫው 230 ላይ መሆኑን እዩ። ተጫዋቹ የጃኩን ብረት ሲነካ ጉምጉምታው ከቀነሰ ችግሩ የግራውንድና የሽፋን ነው፤ ሌላ ፕሪአምፕ መግዛት አያድነውም። እኔ ቤት የግራውንድ ዘንግ አስቀብሬ ፒዬዞውን ከግራውንድ በተያያዘ የመዳብ ወረቀት ስሸፍነው ጸጥ አለ።

አንድ ያልጠበቅኩት ጥቅም በክረምት መጣ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ማይክ መክፈት አይታሰብም። ፒዬዞ ግን የሚሰማው የተለጠፈበትን ቆዳ ነው፤ ዝናብ እየዘነበ ማሲንቆ ቀርጫለሁ። እርጥበቱ ቆዳውን ስለሚያላላው በየመሀሉ መቃኘት ግን አይቀርም።

ጉድለት ካልኩ፣ የተሠራው ሞጁል የጌን ማዞሪያ በበጋው አቧራ መንቋቋት ጀምሮ ነበር። በኮንታክት ክሊነር ጸዳ። ባዶዎቹን ማስገቢያዎች ከዚያ ወዲህ ሸፍኛቸዋለሁ፤ ሻጩ መሸፈኛውን አብሮ ቢልክ መልካም ነበር።

ድምፃዊ ብቻ ለሚቀርጽ ይህን ሁሉ ወጪ አልመክርም፤ ገንዘቡን ማይክና ክፍሉ ላይ ያውል። ዋሽንትም በሳውንድ ካርዱ በራሱ ፕሪአምፕ ደህና ይወጣል። የባህል መሣሪያ በፒክአፕ ለሚቀርጽ ግን ልዩነቱ በመጀመሪያው ምት ይሰማል። በሚቀጥለው ማስገቢያ ሰዎች ኮምፕረሰር አስገባ ይሉኛል። እኔ የማስገባው ሁለተኛ ባለ 10 ሜጋ ኦም ሞጁል ነው፤ ማሲንቆና ክራር ፊት ለፊት ተቀምጠው እየተቀባበሉ ሲጫወቱ ሁለቱንም እኩል መያዝ አለብኝ።