የልጄ ትምህርት ቤት ክሊኒክ መድኃኒት አሰጣጥ፦ ከአምስት ሦስት ተኩል

ልጄ አስም አለባት። ዘንድሮ ደግሞ ለትኩረት ችግር ሜቲልፌኒዴት የሚባል ክኒን ታዘዘላት። ቶሎ የሚያልቀው ዓይነት ስለሆነ ጠዋት የዋጠችው ለ4 ሰዓት ያህል ሠርቶ ይለቃታል፣ ስለዚህ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ እዚያው ትምህርት ቤት ሌላ መዋጥ አለባት። በዚህ ምክንያት ዓመቱን ሙሉ ከክሊኒኩ ጋር ስንመላለስ ከረምን።

ገና በመጀመሪያው ቀን ተጋጨን። ክኒኑን በሶፍት ጠቅልዬ ቦርሳዋ ኪስ ከትቼ ላክሁ። ሲስተሯ ደወለችና «ይቅርታ እህቴ፣ ይሄን አልሰጣትም» አለችኝ። ስሟ፣ መጠኑና ሰዓቱ የተጻፈበት የፋርማሲው ዕቃ ካልሆነ፣ የሐኪሙ ወረቀትና የእኔ ፊርማ ካልተያያዘ፣ በዚያ ላይ በልጅ እጅ ሳይሆን በአዋቂ ካልመጣ አይሆንም። ሥራዬን ጥዬ እየተነጫነጭኩ ሄድኩ። ክኒኖቹን አብረን ቆጠርን፣ 20 ናቸው ብለን ሁለታችንም ፈረምን፣ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆለፈባቸው። ሳስበው ልክ ነች። ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው፣ እኔ ደግሞ እንደ ከረሜላ ቦርሳ ውስጥ ወርውሬ ልኬዋለሁ።

አንድ ቀን ቀድሜ ደርሼ ስትሰጣት አየሁ። እዚያ ክፍል ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ልጆች አሉ። ሲስተሯ «አንቺ እከሊት ነሽ?» ብላ አልጠየቀቻትም፣ ልጅ እኮ ለጠየቅሽው ሁሉ አዎ ይላል። «ስምሽን ከነአባትሽ ንገሪኝ» አለቻት። ካርዱ ላይ ያለውን ፎቶ አየች፣ ዕቃው ላይ ያለውን ጽሑፍ ከካርዱ ጋር አስተያየች፣ ክኒኑን ትንሽ ክዳን ላይ አድርጋ ከውኃ ጋር ሰጠቻት፣ አፏን አስከፈተቻት። ከዚያ በኋላ ነው ሰዓቱን ጽፋ የፈረመችው። ቀድሞ ፈርሞ ኋላ መስጠት እኮ የተለመደ ነው፣ መሃል ላይ ስልክ ጮኸ ማለት ክኒኑ ሳይዋጥ ተውጧል ተብሎ ቀረ ማለት ነው።

ሌላ ቀን ደግሞ ጨዋታ ላይ ሆና ረሳችው። ሲታወስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ሲስተሯ ዝም ብላ አላዋጠቻትም፣ ደወለችልኝ። በዚያ ሰዓት ከተዋጠ ማታ እንቅልፍ ስለሚነሳት አለፍነው፣ በማግስቱም ለማካካሻ ተብሎ ሁለት አልተሰጣትም። እስከዚህ ድረስ አምስት ከአምስት እሰጥ ነበር።

የከፋኝ የአስሟ ነገር ነው። ትንፋሽ ሲያጥራት አፏ ውስጥ የምትነፋውን መድኃኒት፣ ኢንሄለሯንም፣ እዚያው ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፉት። አንድ ቀን ሜዳ ላይ ስትሮጥ ትንፋሽ አጠራት። ሲስተሯ ስብሰባ ገብታለች፣ ቁልፉ ኪሷ ውስጥ ነው። የስፖርት መምህሩ ፎቅ ለፎቅ ሲሯሯጥ ልጄ አጥር ተደግፋ ትተነፍሳለች፣ ማለቴ ለመተንፈስ ትታገላለች። ደግነቱ ደረሰላት። እኔ ግን ያን ቀን ጮህኩ፣ አላፍርበትም። ክኒኑ ይቆለፍ፣ እሺ። በደቂቃዎች ውስጥ የሚፈለግ ነገር ግን ከልጁ መራቅ የለበትም። ለከባድ አለርጂ የሚሰጠው የአድሬናሊን መርፌም እንዲሁ ነው።

ከጭቅጭቅ በኋላ ሐኪሟ ኢንሄለሯን ራሷ መያዝ ትችላለች ብሎ ጻፈላት፣ አሁን ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ ሌላ ትርፍ ደግሞ ክሊኒክ አለ። ሲስተሯ በስፔሰር (ኢንሄለሩ ጫፍ ላይ በሚገጠመው ባዶ ቱቦ) አንድ ነፍታ፣ አስተንፍሳ፣ ትንሽ ጠብቃ ሁለተኛውን መንፋትን ለመምህራኑ አሳየቻቸው። አንዱ መምህር ሳይንጠው ሊነፋ ሲል ልጄ ናት ያረመችው፣ በጣም ነው የሳቅነው። ሲስተሯ የኢንሄለሩን ቆጣሪም እያየች 20 ጊዜ የሚነፋ ሲቀረው መልእክት ትልክልኛለች፣ ለዚህ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

አንድ ነጥብ ተኩል የቀነስኩት ለዚያ ቁልፍና ሲስተሯ ስትቀር ለሚሆነው ነው። ተተኪ የሚባል የለም፣ የቢሮ ጸሐፊዋ ናት የምትሰጠው፣ እሷን ደግሞ ማንም አላሠለጠናትም። በሚቀጥለው ሳምንት የክፍል ጉዞ አላቸው። የቀኑን ክኒን ማን ይዞ እንደሚሄድ ሁለት ጊዜ ጠይቄ እስካሁን መልስ አላገኘሁም።