ሁለት አስጠኚ ሞክሬ አንዱን ያዝኩ

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። በመጀመሪያው ሴሚስተር ሒሳብ 38 አመጣች። ካርዱን ያሳየችኝ ማታ፣ እራት ከበላን በኋላ፣ መብራት ጠፍቶ ሳለ ነው። ጊዜ መምረጥ ትችልበታለች።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ነበርኩ። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ማሽኔን ይዤ ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ መውረጃ ወዳለች ጠባብ ሱቅ መጣሁ። አልጀብራ የማስጠናት አቅም የለኝም። ግን በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል ከሰማሁ ወዲህ፣ ሒሳብ ሲነሳ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ስለዚህ ከፈልኩ። ሁለቴ።

የመጀመሪያው ፎቅ ላይ ያለ ቲቶሪያል ቤት ነው፤ ስሙ ይቅር። በወር 2,500 ብር፣ በሳምንት ሦስት ቀን። «ከአምስት ተማሪ በላይ አንይዝም» ብለውኝ ነበር። አንድ ቀን ሹራቧን ረስታ ላደርስላት ብወጣ 23 ልጆች ቆጠርኩ። መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳ አዙሮ ይጽፋል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። ደብተሯ እንዴት ያምራል! «ይሄ ምንድነው?» አልኳት። «ፎርሙላ ነው አባዬ።» «ምን ይሠራል?» «ፈተና ላይ ይመጣል።» በሁለተኛው ወር አጋማሽ አስወጣኋት። የቀረውን ብር ስጠይቅ «ሲስተሙ አይመልስም» አሉኝ።

ሁለተኛውን ያገኘሁት ሱሪ ሊያሳጥር ሲመጣ ነው። አራት ኪሎ ሳይንስ ግቢ ሒሳብ ሁለተኛ ዲግሪውን የሚማር ልጅ ነው። በሰዓት 350 ብር። በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንድ ሰዓት ተኩል ተኩል፣ እዚሁ ሱቄ ውስጥ በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ። በወር ወደ 4,200 ይመጣል። ከአንድ ሙሉ ሱፍ የእጅ ዋጋ ብዙም አይርቅም፤ ለእኔ ቀላል አይደለም።

የመጀመሪያ ቀን የዘጠነኛን መጽሐፍ አልከፈተም። በግማሽ ወረቀት አሥር ትንንሽ ጥያቄ ጻፈላት። ሰባተኛው፦ 5 − (ኤክስ − 3)። እሷ 2 − ኤክስ አለች። «አገኘናት» አለ፣ የጠፋ መርፌ እንዳገኘ ሰው። ችግሩ የዘጠነኛ ሳይሆን የሰባተኛ ክፍል ነበር። «ባለሱቁ ዱቤ ላይ 3 ብር በስህተት ጽፎብሽ ነበር እንበል። ሲሰርዘው ተጠቀምሽ ወይስ ተጎዳሽ?» አላት። ትንሽ ዝም አለችና የራሷን መልስ ሰርዛ 8 − ኤክስ ብላ ጻፈች።

ሌላ ቀን ደግሞ የ«ኤ ሲደመር ቢ» ካሬ ኤ ካሬ ሲደመር ቢ ካሬ ነው ብላ ድርቅ አለች። አልተከራከራትም። «ጋሼ፣ ቁራጭ ጨርቅና ጠመኔ ይኖርዎታል?» አለኝ። ሰጠሁት። ሰባት በሰባት ሳንቲሜትር አድርጎ ቆረጠ፣ በሁለቱም ጎን አምስት ላይ አሰመረ፣ በመስመሩ አራት ቦታ ከፈለው። ትልቁ 25፣ ትንሿ 4። «እነዚህ ብቻ ከሆኑ 29 ነው። ጨርቁ ግን 49 ነበር። ሃያው የት ገባ?» ጠረጴዛው ላይ የቀሩትን ሁለት ቀጫጭን ቁራጮች አነሳች፤ አምስት በሁለት፣ አምስት በሁለት። ማሽኔን አቁሜ አየሁ። አራቱም ቁራጮች እስካሁን እስክሪብቶ መያዣዋ ውስጥ አሉ።

ከሁሉም የወደድኩት ግን የቀሚሱን ነው። ክሎሽ፣ ማለት ሲዘረጋ ሙሉ ክብ የሚሆን ቀሚስ፣ እየቆረጥኩ ነበር፤ ወገቡ 66 ሳንቲሜትር። ሙያውን ያስተማሩኝ ሰውዬ «ወገቡን ለስድስት ከሩብ አካፍል፣ በወጣው ልክ ክቡን አዙር» ይሉኝ ነበር። አሥር ተኩል ይወጣል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንደዚያው ስቆርጥ ኖሬአለሁ። «ስድስት ከሩቡ ከየት መጣ ጋሼ?» አለኝ። «ከጌታዬ» አልኩት። ሳቀና ጥያቄውን ወደ እሷ አዞረው። ጠመኔውን አንስታ ክብ ሠራች፣ አጠፋች፣ ደግማ ሠራች። ከዚያ «ሁለት ፓይ ነዋ! 6.28! ወገቡ የክቡ ዙሪያ ነው፣ የሚወጣው ደግሞ ሬዲየሱ!» ብላ ጮኸች። እኔም በወሬው ተይዤ የቀሚሱን ርዝመት በሁለት ሳንቲሜትር አሳጠርኩት። ደንበኛዬ ይቅር ትበለኝ።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። 11 ሰዓት ያለው 11፡40 ይመጣል። የራሱ ፈተና ሲደርስ ሁለት ሳምንት ጠፋ፤ ያውም ልክ በእሷ ሚድ ሰሞን። ዋናው ጥፋት ግን ቋንቋ ነው። እሱ በአማርኛ ያስረዳል፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። «አት ሊስት» (ቢያንስ) የሚለውን እንደ «አት ሞስት» (ቢበዛ) አንብባ ምልክቱን ገልብጣ ሦስት ጥያቄ ጣለች። የምትሠራውን ታውቀው ነበር፣ የተጠየቀችውን አላወቀችም። ተቆጣሁ። አሁን መጀመሪያ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ታነባለች፣ በአማርኛ ትናገራለች፣ ከዚያ ትሠራለች።

የቤት ሥራ የሚሠራላችሁ ሰው ከፈለጋችሁ እሱ አይሆንም። ልጅቷ ስትጨነቅ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ዝም ይላል። የእኔን ማሽን ብቻ ነው የምትሰሙት። በመጀመሪያው ወር ቴስት ከአሥር አራት አምጥታ ላቋርጥ ነበር። በሁለተኛው ሴሚስተር 61 ገባች። ሰማንያ የጠበቀ ጎረቤት ከንፈሩን መጠጠ፤ እኔ 38ቱን አልረሳሁም።

ስልኩን ለሰው አልሰጥም፣ ሰዓት የለኝም ብሎኛል። ሌላ አስጠኚ ካገኛችሁ ግን የመጀመሪያውን ቀን አጠገቡ ተቀመጡ። ልጁ የት ጋ እንደተሰበረ ሳይፈልግ ክፍል የደረሱበትን ገጽ ከገለጠ፣ የዚያን ቀኑን ብቻ ክፈሉ።

አሁን ተመሳሳይ ጎነ ሦስቶች ላይ ናቸው። ማክሰኞ የመብራት ምሰሶውን ቁመት በጥላው እንለካለን ብለው ወጡ። ሜትሬን እንደወሰደ አልመለሰልኝም።