በራ ማለት ሠራ ማለት አይደለም፤ መጋዘን የከረመ ፍሪዝ ድራየር ልትገዙ ላሰባችሁ

ጀመዓው፣ ይህን የምጽፈው ደሴ፣ ኮምቦልቻና ወልድያ አካባቢ ፍራፍሬ አድርቃችሁ ለመሸጥ ላሰባችሁ ሁሉ ነው። ባለፈው ወር ያገለገለ የቤት ፍሪዝ ድራየር፣ ማለትም ምግብን በበረዶ አድርጎ አየሩን በመምጠጥ የሚያደርቅ ማሽን፣ በ180 ሺህ ብር ገዛሁ። የእቁብ ብር ነው፤ ግማሹ የእህቴ ነው። ሻጩ «ሁለት ዓመት መጋዘን ስለተቀመጠ ነው እንጂ አዲስ ነው» አለኝ። ደላላውም ማለለት።

ሰኩት፤ ስክሪኑ በራ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የውስጡ ግድግዳ አመዳይ ያዘ። ፓምፑን ሲያስነሱት ጮኸ። ሻጩ ያስገጠማት ባለመርፌ ጌጅም (የአየር ግፊት መለኪያ) ወረደች። በቃ ይሠራል ብዬ ከፈልኩ።

ችግሩ ማሽኑ ሁለት ሥራ ያለው መሆኑ ነው። አንዱ ማቀዝቀዝ ነው፤ ይህን እንደማንኛውም ፍሪጅ ኮምፕረሰሩ ይሠራል፣ የኔም ይሠራል። ሁለተኛው ደግሞ አየሩን መጦ ማውጣት ነው፤ ይህን ቫኪዩም ፓምፑ ይሠራል፤ ምክንያቱም በረዶ ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ተንኖ እንዲወጣ ግፊቱ በጣም መውረድ አለበት። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ከ500 ሚሊቶር (የግፊት መለኪያ ነው) በታች ካልገባ ምግቡ በደንብ አይደርቅም። የኔ 1,900 ላይ ቆመ። ከመርሳ የመጣ 4 ኪሎ ማንጎ ከትፌ አስገብቼ 40 ሰዓት ጠበቅኩ፤ የወጣው እጅ ላይ የሚጣበቅ ነገር ነው። እህቴ ልታሽገው ስትል ከለከልኳት። ውስጡ እርጥብ የሆነ ምግብ አየር በማያስገባ ከረጢት ከታሸገ አደገኛ ነው፤ ሥጋ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ኮምቦልቻ የፍሪጅ ሥራ የሚያውቅ ልጅ ጠራሁ። መጀመሪያ ያደረገው የፓምፑን ዘይት መቅዳት ነው። ማኪያቶ የመሰለ ወጣ! ውሃ የገባበት ዘይት እንደዚያ ይነጣል። ያ ውሃ ፓምፑ ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ ብረቱን አዝጎታል። ሦስቴ አዲስ ዘይት እየሞላን አጠብነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ወረደ እንጂ 500 አልደረሰም። የበሩ ጎማም ደርቋል። ሲያስቀምጡት በሩን ዘግተውት ስለነበር ውስጡ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። እኔ ደግሞ በሩን ስከፍት ሸቶኝ ነበር፤ «ስለተቀመጠ ነው» ሲሉኝ ተውኩት። አትተዉት።

ስለዚያች ባለመርፌ ጌጅም ልንገራችሁ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ፓምፑ አየሩን ሙሉ በሙሉ ቢያወጣው እንኳ መርፌዋ ከዜሮ ወደታች ከ0.75 ባር ብዙም አታልፍም። በዚያ ላይ እኛ የምንፈልገውን ትንሽ ልዩነት ጨርሶ አታሳይም። ስለዚህ በእሷ አትመኑ፤ የማሽኑን የራሱን ስክሪን ቁጥር አሳዩኝ በሉ።

ሌላው መብራት ነው። ከኋላ ያለውን ሰሌዳ አንብቡ። የኔ 110 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ 16 አምፒር ይላል። ሲባዛ 1,760 ዋት ነው። ሻጩ «በነፃ» የሰጠኝ ትራንስፎርመር ግን 1,000 ዋት ብቻ ነው፤ ሲነካ ያቃጥላል። ትራንስፎርመር ደግሞ ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ለ60 የተሠራ ሞተር ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ይግላልም። 220 ቮልት 50 ኸርዝ የሚል ካላገኛችሁ ባትነኩት ይሻላል።

ገንዘቤን ልጠይቅ ስሄድ ሻጩ ውሉን አወጣ። «ፈትሼ፣ ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» ይላል፤ ፊርማው የኔ ነው። በጣም ነው ያዘንኩት። ይህን መስመር ሳታሰርዙ እንዳትፈርሙ።

ቀድማችሁ ገዝታችሁ ቤት ያስቀመጣችሁ ካላችሁ አብሽሩ፣ ሁሉም እንደኔ አይሆንም። በመኪና ካመጣችሁት በኋላ ቀጥ አድርጋችሁ 24 ሰዓት አሳርፉት፤ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቦታው ይመለሳል። የፓምፑን ዘይት ቀይሩ፤ የቫኪዩም ፓምፕ ዘይት እንጂ የመኪና ዘይት አይሆንም። ጎማውን በለብ ያለ ውሃ አጥባችሁ አድርቁት፣ የውሃ መውረጃውን ቫልቭ ዝጉት። ከዚያ ምንም ሳትከቱ ባዶውን አስነሱት። ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ፤ ፓምፑ ከተነሳ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከ500 በታች ከወረደ ተስፋ አለው።

ከዚያው መጋዘን የወጡ ሁለት ሌሎች ማሽኖች እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ ደላላው ወልድያ ድረስ ሰው እያናገረ ነው። ቀጠሮ የያዛችሁ ካላችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ባዶ ሃይላንድ ይዛችሁ ሂዱና የፓምፑን ዘይት ዓይናችሁ እያየ አስቀዱት። እምቢ ካሉ ተመለሱ።