ባሕር ዳር ላይ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ለምትገዙ፦ ካርዱ ሳይግል ብር አትቁጠሩ

ወገኖቼ፣ ቤታችሁ ባለ ኮምፒውተር ቪዲዮ የምታቀናብሩ፣ ዲዛይን የምትሠሩ፣ ጌም የምትጫወቱ ሁሉ፣ ግራፊክስ ካርድ (ምስልና ቪዲዮ የሚያሠራውን የኮምፒውተር ክፍል) ልትገዙ ካሰባችሁ ብሩን ከማስተላለፋችሁ በፊት ይህን አንብቡ። «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብሎ ከሚሸጠው መካከል ደህና ዕቃ አለ፤ እኔም ደህናውን አይቻለሁ። ነገር ግን በሙቀት የተጎዳ ካርድ ተወልውሎ፣ ለሁለት ደቂቃ ያህል በርቶ ታይቶ፣ በደህናው ዋጋ የሚሸጥበት አሠራር አለ። ታናሽ ወንድሜ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የሱቁን ስም አልጽፍም። አንዱን ሱቅ ብትሸሹ አሠራሩ ሌላ ቦታ ሊጠብቃችሁ ይችላልና አሠራሩን ብታውቁት ይሻላል።

ወንድሜ የሰርግ ቪዲዮ ያቀናብራል። ባሕር ዳር ላይ ጥር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ጥምቀቱ አለ፣ ሰርግ በሰርግ ላይ ይደራረባል፣ ሙሽሮች ጣና ዳር ፎቶ ለመነሳት ተራ ይጠብቃሉ። ለዚያ ሥራ እንዲደርስለት በታኅሣሥ አርኤክስ 580 የተባለ ባለ 8 ጊጋ ካርድ ገዛ። ሻጩ ካርዱን ሱቁ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ሰካው፣ ዊንዶውስ ተከፈተ፣ አንድ የሙዚቃ ቪዲዮ ትንሽ ታየ፣ «ይኸው፣ ንጹህ ነው» ተባለና ኮምፒውተሩ ተዘጋ። ቤት መጥቶ የመጀመሪያውን ሰርግ ሬንደር ሲያደርግ (የተቀናበረውን ቪዲዮ ወደ መጨረሻው ፋይል ሲያወጣ) ግን ፋኑ መጮህ ጀመረ፣ ሥራው እየጎተተ ሄደ፣ ብዙም ሳይቆይ ስክሪኑ ጠቆረ። አስነስቶ ሲሞክር ያው ነው። ሙሽሮቹ ቪዲዮ ይጠብቃሉ፣ ቀብድ ተቀብሏል፣ ካርዱ ደግሞ ከጥቂት ደቂቃ በላይ መሥራት አልቻለም።

ሊመልስ ሲሄድ የተሰጠው መልስ ይህ ነበር፦ «የኔ ወንድም፣ ዕቃው ምንም የለበትም። ባሕር ዳር ሙቀት ነው፣ ቤታችሁ ነው የሚያግለው። ደግሞ ከሱቅ የወጣ ዕቃ አይመለስም።»

የባሕር ዳር ሙቀት የሚለው ሰበብ ብዙ ሰው ዝም ስለሚያሰኝ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 30 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ እውነት ነው። ግን የካርድ ሙቀት ከክፍሉ ሙቀት ጋር የሚጨምረው በተመጣጣኝ ልክ ነው፤ ክፍሉ በ8 ዲግሪ ቢሞቅ ካርዱም 8 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል እንጂ 25 አይጨምርም። በሌላ ጊዜ 70 ላይ የሚሠራ ጤነኛ ካርድ በሚያዝያ ቀትር 78 ቢደርስ አይገርምም፣ አይጠፋምም። አየሩ ስስ ነው የሚልም ሻጭ አለ። ከፍታ ላይ አየር ስለሚሳሳ ፋን የሚወስደው ሙቀት ጥቂት እንደሚቀንስ አልክድም። ይሁንና አዲስ አበባ ከእኛ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ እዚያም ይኸው ዓይነት ካርድ ይሠራል። ወንድሜ ደግሞ የገዛው በታኅሣሥ ነው፤ ሌሊት ጋቢ በምንደርብበት ወር።

ካርዱን የምናምነው ባለሙያ ዘንድ ወስደን አስፈተሽነው። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሲከፈት መጀመሪያ የታየው ሌላ ጉድ ነው፦ የኮሩ (በካርዱ ቺፕ ውስጥ ሥራውን የሚካፈሉት ጥቃቅን ማስያዎች) ብዛት 2048። ትክክለኛው አርኤክስ 580 2304 ኮር አለው። የቺፑ ሠሪ ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2018 ለቻይና ገበያ ያወጣው «2048ኤስፒ» የሚባል ዓይነት አለ፤ ስሙ 580 ይሁን እንጂ የኮሩ ብዛት ከ570 ጋር እኩል ነው። ካርዱ ሕጋዊ ምርት ነው፣ በስሙና በዋጋው ቢሸጥ ማንም አይከፋም። ወንድሜ ግን የከፈለው የሙሉውን 580 ዋጋ ነው። የሌላውን ሠሪ የኤንቪዲያን ጂቲኤክስ 1060 ለምትፈልጉም እንዲሁ ነው፤ ባለ 3 ጊጋውና ባለ 6 ጊጋው ልዩነታቸው በሜሞሪ ብቻ የሚመስላቸው አሉ፣ ባለ 3ቱ 1152 ኮር ሲኖረው ባለ 6ቱ 1280 አለው። ስለዚህ «1060 ነው» ሲሏችሁ ባለ ስንት ጊጋ እንደሆነ ጠይቁ፣ ቁጥሩንም ስክሪን ላይ እዩ።

ከዚያ ጫና ተሰጠው፤ ማለትም ባለ በሌለ አቅሙ እንዲሠራ ተደረገ። ብዙም ሳይቆይ ከ90 ዲግሪ አለፈ፣ የቺፑ ፍጥነት ራሱን እያወረደ ሄደ፣ ስክሪኑ ጠፋ። ሲፈታ ፔስቱ (በቺፑና ሙቀት በሚያስወጣው ብረት፣ በሂትሲንኩ፣ መካከል የሚቀባው ቅባት) ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ በጥፍር ሲነኩት ይራገፋል። ከኃይል መቆጣጠሪያዎቹ ላይ ሙቀት ወደ ሂትሲንኩ የሚያሻግሩት ቴርማል ፓዶች ግማሾቹ የሉም። ከሁለቱ ፋኖች አንዱ በጣት ሲነካ ይወላገዳል። በቺፑ ዙሪያ ደግሞ የሚያጣብቅ ቡናማ ቅሪት አለ፤ ባለሙያው እንዳየው ሂት ጋን (ሞቃት አየር የሚነፋ መሣሪያ) የነካው ካርድ ነው።

ሂት ጋኑ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ትልቁ ማታለያ ያለው እዚህ ላይ ነው። ካርድ ለዓመታት ሲግልና ሲቀዘቅዝ ቺፑንና ከሥሩ ያሉትን ጥቃቅን የብየዳ ነጥቦች ድካም ይይዛቸዋል፣ ይሰነጠቃሉ፣ ካርዱ ምስል መስጠት ያቆማል። ቺፑ በሞቃት አየር ሲለበለብ የተሰነጠቀው ለጊዜው ሊገናኝና ካርዱ «ሊነሳ» ይችላል። ጥቂት ሳምንት ይሠራል፣ አንዳንዴም ያነሰ፣ ከዚያ ተመልሶ ይሞታል። ይህ ጥገና አይደለም። ለመሸጫ የሚሆን ዕድሜ መግዣ ነው። ምልክቱን ለማየት ካርዱን ገልብጡና ከቺፑ ጀርባ ያለውን ቦርድ ተመልከቱ፤ ቀለሙ የጠየመ፣ ቦርዱ የጎበጠ፣ በአቅራቢያው ያለ ፕላስቲክ የተኮማተረ ከሆነ ወይም ቺፑ አካባቢ የሚያጣብቅ ነገር ካለ ትታችሁ ውጡ።

የካርዶቹ ምንጭም ሊገባችሁ ይገባል። ለዓመታት ብዙ ግራፊክስ ካርድ ኢቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ለማውጣት፣ ማለትም ለማይኒንግ፣ ሌት ተቀን ሲሠራ ነበር። መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ኢቴሪየም አሠራሩን ሲቀይር ካርዶቹ ሥራ ፈቱና በዓለም ዙሪያ ወደ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ጎረፉ። ማይኒንግ የሠራ ካርድ ሁሉ የተበላሸ ነው አልልም፤ በደንብ የተያዘ ቺፕ ሊተርፍ ይችላል። የሚያልቁት ፋኑ፣ ፔስቱና ፓዱ ናቸው። ሌላው ደግሞ ባዮሱ፣ ማለትም ካርዱ ውስጥ የተጫነው መነሻ ፕሮግራም ነው፤ አርኤክስ 570 እና 580 ለማይኒንግ እንዲመቹ ባዮሳቸው በብዛት ይቀየር ስለነበር፣ እንዳለ ከተተወ ጌም ወይም ሬንደር ላይ ስክሪን ሊያዥጎረጉር፣ ኮምፒውተሩንም ሊያስተኛ ይችላል። ሻጩ «ማይኒንግ ነክቶት አያውቅም» ቢላችሁ ማረጋገጫ የለውም፣ ለእናንተም አያስፈልጋችሁም። የሚያስፈልጋችሁ ካርዱ ሲግል ማየት ነው።

እንጀራ የምትጋግር እናት ምጣዱ ሳይሰማ ሊጥ አታፈስም፤ የምጣዱ ጥሩነትና መጥፎነት የሚታወቀው ከሰማ በኋላ ነው። ካርድም እንዲሁ ነው። ከቺፑ በላይ ያለው መዳብና አልሙኒየም የመጀመሪያውን ሙቀት ዝም ብሎ ይውጠዋል። ለሁለት ደቂቃ ዊንዶውስ ከፍቶ ቪዲዮ ማሳየት ጫና አይደለም፤ ፔስቱ የደረቀም፣ ፓዱ የጎደለም ካርድ ያንን ፈተና ያልፋል። ሙቀቱ ወደ ላይ ወጥቶ እስኪረጋ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይፈልጋል፤ የኬዙ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) አየር ሲሞቅ ደግሞ እንደገና ይጨምራል። ስለዚህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጫና ላይ ይቆይ፣ እናንተም አጠገቡ ቆዩ። ፈርማርክ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃል። ፕሮግራሞቹን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ «ኢንተርኔት የለም» እንዳትባሉ።

ስትቆሙ ዓይናችሁ ሙቀቱ ላይ ብቻ አይሁን። ፍጥነቱን የሚያሳየውን ቁጥር ተከታተሉ፤ ሙቀቱ ወጥቶ ፍጥነቱ በደረጃ የሚወርድ ከሆነ ካርዱ ራሱን ከሙቀት ለማዳን ሥራውን እየቀነሰ ነው። ኤንቪዲያ ለጂቲኤክስ 1060 ያስቀመጠው ከፍተኛ ሙቀት 94 ዲግሪ ነው፤ ይህ ግን ጣሪያው ነው፣ መደበኛ መሥሪያው አይደለም። ጤነኛ 1060 የ120 ዋት ካርድ ስለሆነ ከዚያ በብዙ ዝቅ ብሎ ይሠራል። 580ው 185 ዋት ስለሚበላ ሞቅ ማለቱ አይቀርም፣ ከ80ዎቹ መጀመሪያ ሲያልፍ ግን ጠይቁ። በብዙ አዳዲስ ካርዶች ላይ «ሆት ስፖት» (የቺፑ በጣም የጋለው ነጥብ) የሚል ሌላ ንባብ አለ፤ በእሱና በዋናው ሙቀት መካከል ያለው ክፍተት ከ20 ዲግሪ በላይ ከሰፋ ፔስቱ ወይም የሂትሲንኩ አቀማመጥ አጠራጣሪ ነው።

«መብራት ጠፍቷል፣ ዋስትና እሰጥሃለሁ፣ ውሰደው» ከተባላችሁ መብራት ሲመጣ ተመለሱ። ደላላ ፎቶ በቴሌግራም ልኮ «ካፌ ላይ እንገናኝ» ካላችሁ ካፌ ላይ ሶኬት እንጂ ኮምፒውተር የለም፤ የእናንተ ቤት ወይም የሚያውቃችሁ ጥገና ቤት ይሁን። ብሩን በሞባይል ቀድማችሁ አታስተላልፉ፣ ለቀብድም ቢሆን።

ስሙ የተቀየረ ካርድም አለ። ያረጀ ጂቲኤስ 450 ወይም ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ባዮሱ ተቀይሮ «1050 ቲአይ» ተብሎ ይሸጣል፣ ዊንዶውስም ያንኑ ስም ያሳያል። ጂፒዩ-ዚ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ሐሰተኛ ብሎ ይለያል። 1050 ቲአይ ተብሎ ጀርባው ላይ ሰማያዊው የቪጂኤ ሶኬት (የድሮው የስክሪን መሰኪያ) ካለበትም ተጠራጠሩ።

አሁን ደግሞ ካርድ ያላችሁና የጋለባችሁ፣ «አልቋል፣ ቀይሩት» ተብላችሁ ሌላ ልትገዙ የተዘጋጃችሁ። ቆዩ። የኬዙን የጎን ክዳን ክፈቱና በተመሳሳይ ሥራ ሙቀቱን እዩት። በአሥር ዲግሪና ከዚያ በላይ ከወረደ ችግሩ የካርዱ ሳይሆን የአየር መተላለፊያው ነው፤ መፍትሔውም የኬዝ ፋን ወይም ቦታ መቀየር ነው። ብዙ ቤት ኮምፒውተሩ ከግድግዳና ከቁም ሳጥን መካከል ተወሽቆ፣ ከአቧራ እንዲጠበቅ ዳንቴል ለብሶ አይቻለሁ። ሲሠራ ዳንቴሉ ይነሳ። በእኛ በባጃጁ መንገድ ዳር ያለ ቤት አቧራው ብዙ ነውና ሂትሲንኩን በብሎወር አስጸዱ፤ ሲነፋ ግን የፋኑን ክንፍ በጣት ያዙት፣ በግፊቱ ከመጠን በላይ ከተሽከረከረ ይጎዳል። ከዚያ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም ፓወር ሊሚቱን (ካርዱ የሚበላውን የኃይል ጣሪያ) ወደ 80 በመቶ አውርዱ። ሥራው የሚቀንሰው ጥቂት ነው፣ ሙቀቱ ግን በደንብ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ወጪው ጥቂት ነው።

ፔስት ማስቀየር ካስፈለገ ጠጋኙን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ፓዱ ስንት ሚሊ ነው?» ፓድ 0.5፣ 1፣ 1.5፣ 2 ሚሊሜትር እያለ ይመጣል፣ ካርዱ የሚፈልገው ውፍረትም የተወሰነ ነው። ወፍራሙ ከገባ ሂትሲንኩ ከቺፑ ላይ ይነሳና ከበፊቱ የባሰ ይግላል፤ ቀጭኑ ከገባ ሜሞሪው ሳይነካ ይቀራል። «ሁሉም አንድ ነው» የሚል ሰው ካርዳችሁን አይፍታ።

በመጨረሻ ስለ ደረሰኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ዓይነትና ጥራት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። «ከሱቅ የወጣ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይህን መብት አያጠፋውም። ወንድሜ የያዘው ደረሰኝ ግን «ግራፊክስ ካርድ፣ 1» ብቻ የሚል ነው። በዚህ ወረቀት 2048 ኮር ያለው ካርድ የተሸጠለት በሙሉው 580 ስም መሆኑን ማስረዳት ከባድ ሆኖብናል። እናንተ እንዲህ አስጽፉ፦ የካርዱ ሙሉ ስም፣ የሜሞሪው መጠን፣ የኮሩ ብዛት፣ ተለጣፊው ላይ ያለው ተከታታይ ቁጥር፣ «ያገለገለ» የሚለው ቃል፣ በስንት ቀን ውስጥ ቢበላሽ እንደሚቀየር ወይም ገንዘቡ እንደሚመለስ፣ ቀንና ፊርማ። ተከታታይ ቁጥሩን ሻጩ ፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ የፈተናውን ስክሪንም፣ ሙቀቱና ሰዓቱ አብረው እንዲታዩ አድርጋችሁ።