ሹሩባ ተሠርታችሁ አትሂዱ

ከደብረ ማርቆስ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ባሕር ዳር አንድ ክሊኒክ የአንጎል ሞገድ ምርመራ፣ ኢኢጂ የሚሉትን፣ አደረግሁ። ቀጠሮዬ 3 ሰዓት ነበር፤ የገባሁት 6 ተኩል። ሹሩባዬንም አስፈቱኝ። ሲቀጥሩኝ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?

ባለሙያው ግን ወርቅ ነው። ዓይኔን ስጨፍን ስክሪኑ ላይ ሞገዱ ጎላ፤ ስገልጥ ሟሸሸ። አልፋ ይባላል፤ በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ ይመላለሳል። ጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪም ሃንስ በርገር የሰውን አንጎል ሞገድ መዝግቦ በ1929 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ቀጥሎ መብራት ብልጭ ድርግም አደረገብኝ። «አንጎል ዝም ብሎ ብርሃን አይጠብቅም፤ አልፋ ሲበረታ ደብዛዛ ነገር ብዙ ጊዜ ያመልጠናል» አለኝ። ሰሌዳ ላይ አፍጥጠው የማያዩት ተማሪዎቼ ትዝ አሉኝ!

ለምርመራው ራሴ ላይ የቀቡኝ ጄል በሁለት እጥበት አልለቀቀም። ሻሽ ያዙ።