ለዓሣ ሥራ የሚሆን ቢላዋ፦ ከባሌስትራ እስከ ስዊድን

ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ከማለዳ ጀምሮ ቆሮሶ ሲገፍፍ የሚውል ሰው እጁ አይደርቅም፤ ቢላዋውም አይደርቅም። እኔ ሥራውን ስጀምር የያዝኩት ቢላዋ አንድ ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ የሠራልኝ ነበር። ስለቱን እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ፤ ድንጋይ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ካመላለሱት ጢም ይላጫል። ምሳ በልቼ ስመለስ ግን ብርቱካናማ ነጠብጣብ አውጥቶ ይጠብቀኛል። በአመድ ስፈትገው፣ ዘይት ስቀባው፣ ከኋላዬ የቆመው አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ አንጀት የሚጥልለት ሰው አጥቶ ሲቁለጨለጭ የዋለባቸው ቀናት አሉ።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በሐይቁ ያሳብባል። የሐዋሳ ሐይቅ ወንዝ ባይወጣውም ውሃው ጨዋማ አይደለም። ቢላዋ የሚበላው ሎሚውና ጨው ነው። ጥሬ ዓሣ በአዋዜ የሚወድ ደንበኛ ሎሚ ይጠይቃል፤ ሎሚው በዚያው ቢላዋ ይቆረጣል፤ ቢላዋው ደግሞ እርጥብ ጨርቅ ላይ ተጥሎ ይረሳል።

ዝገት ሲያማርረኝ የማይዝግ ልግዛ ብዬ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ማግኔት አውጥቶ ስለቱ ላይ አስጠጋና፣ «ጋሼ ይዩት፣ አይስበውም፤ ንጹሕ ስቴይንለስ ነው» አለኝ። አምኜ ገዛሁ። እውነትም አልዛገም። ግን ሃያኛው ዓሣ ላይ ስደርስ ስለቱ እንደ ማንኪያ ጠርዝ ሆነ። ኋላ እንደተረዳሁት፣ ማግኔት የማይስበው የማይዝግ ብረት በአብዛኛው ማንኪያና ድስት የሚሠራበት ነው፤ አግለው ውሃ ቢያጠጡትም አይጠነክርም። የደህና ቢላዋ ስለት ማግኔት ይስበዋል። ስለዚህ በማግኔት የሚምልላችሁን ሻጭ አመስግናችሁ ውጡ።

አሁን የምሠራበት ስቶክሆልም የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ያመጣልኝ ሞራ ኮምፓኒየን የሚባል የስዊድን ቢላዋ ነው። ስለቱ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ እጀታው ላስቲክ ስለለበሰ የዓሣ ልጋግ እያለበት እንኳ ከእጅ አያመልጥም። አገሩ ውስጥም ውድ ከሚባሉት አይደለም። መጀመሪያ ያመጣልኝ ግን የካርቦኑን፣ ማለትም እንደ ባሌስትራው የሚዝገውን ዓይነት ነበር። ሁለቱ መንትያ ናቸው፤ የሚለያቸው ስለቱ ላይ የታተመው ጽሑፍ ነው፤ አንዱ «ካርቦን ስቲል»፣ ሌላው «ስቴይንለስ ስቲል» ይላል። የካርቦኑ የመጀመሪያዋን ሎሚ ቆርጦ ሳይጨርስ ጠቆረ። አሁን ገመድ እቆርጥበታለሁ።

የማይዝገው ሞራ 12ሲ27 ከሚባለው የስዊድን ብረት የተሠራ ነው፤ ካርቦኑ 0.6 በመቶ ገደማ፣ ክሮሚየሙ 13.5 በመቶ ገደማ። አንድ ብረት የማይዝግ ለመባል ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ይፈልጋል። ክሮሚየሙ አየር ሲያገኝ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ያበጃል፤ ቢጫር መልሶ ይሸፍናል። ካርቦን ሲበዛ ግን ክሮሚየሙን ይሻማዋል። ዲ2 የሚባለው ብረት 12 በመቶ ያህል ክሮሚየም ይዞ የሚዝገው ለዚህ ነው፤ «ክሮሚየም አለው» ሲሏችሁ ካርቦኑንም ጠይቁ።

በማይዝገው ሞራ ስድስት ወር ሠራሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነጥብ አወጣ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ጨው የነካውን ሳላጥብ አፎቱ ውስጥ ከትቼው አደርኩ። ጨው ያንን ሽፋን ይበሳዋል፤ የታፈነ እርጥበት ደግሞ ሽፋኑ እንዳይጠገን አየር ይነሣዋል። አሁን አጥቤና አድርቄ ከአፎቱ ውጭ ሰቅዬው እሄዳለሁ።

ስለቱ እንደ ባሌስትራው አይቆይም፤ እኩለ ቀን ላይ መሳል ይፈልጋል። ግን ተራ ድንጋይ ላይ በሦስት ደቂቃ ይመለሳል፤ ለእኔ ደግሞ ወር ሙሉ ተስሎ ከሚቆይና ለመሳል ልዩ ድንጋይ ከሚጠይቅ ብረት ይህ ይሻላል። ፊሌቶውን ከቆዳው ለመለየት ስለቱ ወፍራም ነው፤ ለዚያ ሥራም አልተሠራም። ለቆዳ የምይዘው ሌላ ስስና ተጣጣፊ ቢላዋ ነው፤ የወጥ ቤት ቢላዋ በሚሠራበት 1.4116 በሚባለው የጀርመን ብረት የተሠራ።

ጅቡቲ ወይም ባሕረ ሰላጤው አገሮች ጨው ባሕር ላይ የምትሠሩ ግን የእኔን ምክር አትከተሉ። ለእናንተ ናይትሮጅን ከፊሉን የካርቦን ቦታ የተካበት ኤልሲ200ኤን የሚባል ብረት አለ፤ ዋጋው ግን ከሞራው ጋር አይነጻጸርም።

የአክስቴ ልጅ ለገና ሲመጣ ሁለተኛ ሞራ እንዲያመጣልኝ ነግሬዋለሁ፤ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ስለቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልኝም ጭምር።